ከዕረፍት በኋላ የተሰማ ድምፅ

ኅዳር 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ቀን 2016፣ ዕለተ ዓርብ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በዋሽንግተን ከተማ ከአንድ ሕንፃ ሥር በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ በኒው ዮርክ ኩዊንስ ተወልዶ ያደገና ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን አስነሥቶ፣ ነገር ግን ከቦታው ሳይንቀሳቀስ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፤ መስኮቱን ባንኳኳሁ ጊዜም በሩን ከፈተልኝና ምንም ሳይናገር ከጎኑ እንድቀመጥ በእጁ አመለከተኝ። የሚሰማው «ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት» የተባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን ከ18 ዓመት ዝምታ በኋላ በዚያች ሌሊት ያወጣው አልበም ነበረ። ሰውዬው ያለቅስ ነበር። ያስለቀሰውም የዜማው ማማር ብቻ አይደለም፤ ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ከባልንጀሮቹ ድምፅ ጋር ተባብሮ የሚወጣው የፋይፍ ዶግ ድምፅ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ስምንት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ሰው ድምፅ ስለ ነበረ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለዚህ አልበም ብዙ ተባለ፣ ብዙም ተጻፈ። እኔ ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ ተበታትኖ የነበረ አንድ የሙዚቃ ቡድን እንደገና ተሰበሰበ በተባለ ቁጥር በአድናቂዎች መካከል የሚነሣውን ደስታና ክርክር በተመለከትሁ ጊዜ፣ ያች ሌሊት በኅሊናዬ እየተመላለሰች ዝም አላሰኝ ስላለችኝ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዬ ይወቅልኝ።

ቡድኑ የበቀለው በኩዊንስ ውስጥ ሴንት አልባንስ በሚባለው ሰፈር፣ በሊንደን ቡሌቫርድ ጎዳና ዳር ነው። ኪው ቲፕና ፋይፍ ዶግ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ ባልንጀሮች ነበሩ፤ ዲጄው አሊ ሻሂድ ሙሐመድና ጃሮቢ ዋይት ኋላ ተጨመሩላቸው። የፋይፍ እናት ሼሪል ቦይስ ቴይለር ከትሪኒዳድ የመጣች ባለቅኔ ናት፤ ልጇም የቃልን ምትና ክብደት ያወቀው ከማይክሮፎን በፊት ከእናቱ ዘንድ እንደ ሆነ ለማመን አይቸግረኝም። በ1990 የመጀመሪያውን፣ በ1991 ሁለተኛውን፣ በ1993 ሦስተኛውን አልበም አወጡ፤ በሁለተኛው ላይም በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ ያገለገለው ሊቀ ጠበብት የባስ ተጫዋች ሮን ካርተር ገብቶ ተጫወተላቸው፤ የልጆች ጨዋታ እየተባለ ሲናቅ የነበረው ራፕም ከጃዝ ሊቃውንት ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጠ። ከነዚህ አልበሞች በአንዱ ዘፈን ፊልም ላይ ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ጣሪያ ላይ ቆመው ታዩ፤ ያ ጣሪያ ዛሬም ድረስ የሂፕ ሆፕ ወዳጆች እየመጡ ቀና ብለው የሚያዩት ቦታ ነው።

የነርሱ ልዩ ጸጋ ምን እንደ ነበረ ለአገራችን ሰው ለማስረዳት ስሞክር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የማኅሌት ሥርዓት ነው። መዘምራን ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል፤ የተቀበለውን መልሶ ለሰጪው ያቀብለዋል፤ ሌሊቱም በዚህ ቅብብሎሽ ይነጋል። ይህን ስል ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ድምፅ አንዱ ለአንዱ ተፈጥሮ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝለትም። ኪው ቲፕ ድምፁ ለስላሳ፣ ሐሳቡ ረቂቅና ወደ ላይ የሚሳብ ነው፤ ፋይፍ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ስል፣ ንግግሩ የሰፈርና የአደባባይ ነው። አንዱ ስንኙን ከፍ አድርጎ ሲሰቅለው ሌላው ከምድር ያገናኘዋል። አንዱን ብቻ መስማት ግማሽ ማኅሌት መቆም ነው።

እንዲህ የተስማሙት ሁለት ድምፆች ባለቤቶቻቸው ግን አልተስማሙም። በ1998 አምስተኛውን አልበም ሲያወጡ መለያየታቸውን አስታወቁ። ፋይፍ ከ1990 ጀምሮ የስኳር በሽተኛ ነበረ፤ ኩላሊቱ ደክሞ በ2008 ባለቤቱ ከገዛ አካሏ በለገሰችው ኩላሊት ሕይወቱ ተቀጠለ። ለመድረክ ሥራ አልፎ አልፎ ቢገናኙም ቅሬታው አልበረደም፤ በ2011 ማይክል ራፓፖርት ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ ሁለቱ የልጅነት ወዳጆች ከመጋረጃ ጀርባ ሲጣሉ ዓለም ሁሉ አየ። እኔም ያን ፊልም አይቼ ስወጣ፣ የተሰበረ ሸክላ ያየሁ ያህል ሆኖ ተሰምቶኝ፣ እነዚህ ሰዎች ዳግመኛ አብረው አይሠሩም ብዬ ተስፋ ቈርጬ ነበር።

አልሆነም። ኖቬምበር 13 ቀን 2015 የመጀመሪያው አልበማቸው 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አራቱም አብረው ቀረቡ። ያች ምሽት ፓሪስ በአሸባሪዎች የተመታችበትና በባታክላን የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ብቻ 90 ሰዎች ያለቁበት ምሽት ነበረች። ሙዚቃ ለመስማት የወጣ ሕዝብ ባለቀበት ሌሊት ሙዚቃ ሲጫወቱ ያመሹት እነዚህ ሰዎች፣ እንደገና አብረው አልበም ለመሥራት የቈረጡት በዚያችው ምሽት ነው።

ከዚያም ሥራው በኒው ጀርሲ፣ በኪው ቲፕ መኖሪያ ቤት በሚገኘው ስቱዲዮ ውስጥ በምስጢር ተጀመረ። በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ እወዳለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ልብ እዚህ ላይ ነውና። በዘመናችን አንዱ ዘፋኝ ከአንዱ ጋር ሠራ ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይተያዩም፤ አንዱ ድምፁን ከከተማው በኢንተርኔት ይልካል፣ ሌላው በከተማው ይቀበለዋል፣ ባለሙያም ይገጣጥመዋል። ኪው ቲፕ ይህን ከለከለ፤ በአልበሙ ላይ ሊሳተፍ የሚሻ ሁሉ ወደዚያው ቤት መጥቶ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ደንብ አወጣ። ፋይፍም በታመመ ሰውነቱ ከካሊፎርኒያ አህጉሩን በአውሮፕላን እያቋረጠ እየተመላለሰ መጣ። የወጥ ቤት ሙያ ሊማር ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ተለይቶ የነበረው ጃሮቢ ተመለሰና፣ በወጣትነቱ ያልተሰማውን ያህል ማይክ ይዞ ስንኝ ደረደረ። አሊ ሻሂድ በሎስ አንጀለስ በሌላ ሥራ ተይዞ ስለ ነበረ ከዚያ ክፍል መራቁ ለአልበሙ ጉድለት ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ሁለቱ የተጣሉት ወንድሞች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ፊት ለፊት ተያይተው፣ አንዱ የጀመረውን ቃል ሌላው ከአፉ እየተቀበለ ሠሩ። በአገራችን ዕርቅ ሽማግሌ ይሻል፤ በመካከል ቆሞ ጥፋትን የሚመዝን፣ ካሣን የሚቈርጥ ሽማግሌ። በነዚህ መካከል ሽማግሌ ሆኖ የገባው ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የተማሩት ሙያ ራሱ ነው።

ማርች 22 ቀን 2016፣ በእኛ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሦስተኛው ሳምንት እንደ ጀመረ፣ ፋይፍ ዶግ በ45 ዓመቱ አረፈ። አልበሙ አላለቀም ነበር። አድናቂው ስለዚያ ሥራ አያውቅምና የቡድኑ ነገር በዚያው ያበቃ መስሎት አለቀሰ፤ ኪው ቲፕ ግን ወደዚያ ክፍል ተመልሶ፣ ከባልንጀራው የቀረውን ድምፅ ከፊቱ አድርጎ፣ ሥራውን ፈጸመ። በኦክቶበር መጨረሻ መውጫው ቀን በታወቀ ጊዜም፣ ከዚህ ወዲያ እኛ እንረከባለን፣ ለአገልግሎታችሁ እናመሰግናለን የሚል ፍቺ ያለውን የአልበሙን ስያሜ የሰጠው ፋይፍ እንደ ነበረ፣ ትርጉሙን ሳያስረዳቸው እንደ ሄደና እርሱ ስለ ወደደው ብቻ ሳይለውጡ እንደ ተዉት ተናገረ።

እንግዲህ አልበሙ የወጣው የአሜሪካ ሕዝብ ዶናልድ ትራምፕን በመረጠ በሦስተኛው ቀን ነው። እኛ ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች በዚያ ሳምንት በምን መንፈስ እንደ ሰነበትን፣ በሥራ ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በቡና ላይ ሳይቀር ምን ስንነጋገር እንደ ነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ከምርጫው በፊት የተሠራ አንድ ዘፈን ጥቁሩን፣ ሜክሲኳዊውን፣ ድኻውን፣ ሙስሊሙን ከአገር ውጣ የሚለውን ክፉ ድምፅ እየመሰለ ሲያሰማ፣ ሰሚው ትናንት የተጻፈ መሰለው። ቅዳሜ ምሽት ዴቭ ሻፔል ባቀረበው «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ላይ ይህንኑ ሲጫወቱ የፋይፍ ተራ በደረሰ ጊዜ ምስሉ የተሳለበት ታላቅ ጨርቅ ተዘረጋ፤ ድምፁም ከቅጂው ተለቀቀ፤ በሕይወት ያሉት ባልንጀሮቹም ስፍራውን ለርሱ ለቀው ቆሙ። ይህን ሳይ ቀስቃሽ ፖለቲካ መሆኑን ረስቼ ተዝካር ላይ የተቀመጥሁ ያህል ሆነብኝ። አልበሙም ከ1996 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኑን በቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ አደረገው፤ በመጀመሪያው ሳምንት 135,000 ቅጂ ያህል ተመዘገበለት።

የአድናቂው ክርክር በዚያ ጊዜም አልቀረም። የ1991ን እና የ1993ን ድምፅ ጠብቀው የነበሩ ሰዎች፣ ይህ የጃዝ ልስላሴው የጐደለው፣ የጊታር ጩኸትና ድንገተኛ መቋረጥ የበዛበት፣ እነ ጃክ ዋይትና ኤልተን ጆን የገቡበት ሥራ የድሮውን አይመስልም አሉ። እውነት ነው፤ አይመስልም። ነገር ግን እኔ በዚህ ከነርሱ ጋር አልስማማም፤ እንዲያውም ከሁሉ የማከብራቸው ስለዚህ ነው። የተበታተነ ቡድን እንዲሰበሰብ የሚማፀን አድናቂ፣ ልቡን ቢመረምር፣ የሚለምነው የገዛ ወጣትነቱ እንዲመለስለት ነው፤ ዘፈኑ ሲጀመር የተከራያት ክፍል፣ ያፈቀራት ልጅ፣ ያልሸበተ ጠጕሩ ሁሉ አብረው እንዲመለሱ ይሻል። ይህን ለመስጠት የሚሞክር ሙዚቀኛ አድናቂውንም ራሱንም ያታልላል። ኪው ቲፕና ፋይፍ ግን አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ የተጣሉና የታረቁ፣ አንዱ የታመመ አንዱ የሚያስታምም ሰዎች ሆነው ቀረቡ፤ በዚያ ዕድሜ የሚገባውንም ድምፅ አሰሙ።

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን «ዘ ዶናልድ» ይባላል። ስያሜው በተሰማ ጊዜ፣ በዚያ ሳምንት የማን ስም እንደሚታሰብ ግልጽ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ሰው የተመረጠውን ሰው የሚነቅፍ መስሎት ጆሮውን አሰናዳ። ሰሙ ይህ ነበረ። ወርቁ ሌላ ነው፤ ከፋይፍ የቅጽል ስሞች አንዱ «ዶን ጁስ» ነበርና፣ ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለርሱ የቀረበ ውዳሴ ነው። የቅኔ ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ የኩዊንስ ልጆች እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል ሲያወጡ ሰምቶ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። የሥራ ባልደረባዬ በዚያች ማለዳ ይህን ዘፈን እስኪጨርስ ድረስ መኪናውን አላንቀሳቀሰም፤ ሲያልቅ ግን ሞተሩን አጠፋና፣ ከ1998 ጀምሮ ያልተነጋገረው ወንድሙ በአትላንታ እንደሚኖር ነገረኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አልበሙ በወጣ በስምንተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 19፣ የሊንደን ቡሌቫርድና የ192ኛው ጎዳና መገናኛ በፋይፍ ስም ተሰየመ፤ በማግስቱ በሕይወት ቢኖር 46 ዓመት ይሞላው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የግራሚ ሽልማት ዕጩዎች ሲታወቁ ይህ አልበም ከአንዱም ዘርፍ አልገባም፤ ይህም ታላቅ ግፍ ነበረ፤ ኪው ቲፕም ቍጣውን በአደባባይ ሲገልጥ እውነት ነበረው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2017 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ በተደረገው የቤስቲቫል በዓል ላይ ቡድኑ ቀረበ፤ ኪው ቲፕም ይህ በዚህ ስም የሚያቀርቡት የመጨረሻ ዝግጅት መሆኑን ከመድረኩ ላይ ለሕዝቡ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም የወጣ ሌላ አልበም የለም።