የኦሮራ ፀሐይና የዓይናችን ነገር

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። «የደጋ ልጅ ፀሐይ ምን ያደርገዋል?» የሚል ታዲያ አይጠፋም። አገር ቤት በጃንጥላ እንከለላለን። እዚህ ግን አዲስ የወረደ በረዶ የማይታየውን ጨረር እስከ 80 በመቶ ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ጃንጥላ ምን ያደርጋል?

በረዶው ገና ሳይቀልጥ ሁለት መነጽር ይዤ ከሀቫና ጎዳና እስከ ቼሪ ክሪክ ግድብ ስዞር ዋልኩ። ፖላራይዝድ የሚሉት የውኃውን ነጸብራቅ ጸጥ አደረገው፤ ከዳር ያሉት ድንጋዮች ሳይቀሩ ታዩኝ። ታክሲ ነጂዎች ግን ልብ በሉ፤ የስልኩን ካርታ ዘወር ሳደርገው ጥቁር ሆነብኝ።

ሁለተኛው ከመንገድ የተገዛ ነው፤ ጥቁረቱ ከሰል ያስንቃል፣ «ዩቪ 400» የሚል ምልክት ግን የለውም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ በጨለማው የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ጨረሩም እንደ ልቡ ይገባል። ጠዋት ወደ ኤርፖርት፣ ማታ ወደ ሮኪ ተራሮች ፊቱን አዙሮ ለሚነዳ ወገን ይህ ቀልድ አይደለም፤ የዓመታት ጨረር የዓይን ሞራ ያፋጥናል። ብዙ የመነጽር ሱቆች መስተዋቱ ጨረር ማገዱን በመሣሪያ ይለካሉ፤ ያላችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።