በሚፈርስ ቤት ውስጥ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጡ ይገኛል። ስሙም የመጣው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ተወካይ በዚያ ቦታ ስለ ሰጡት ነው። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጧት ጧት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱበት ይታያሉ። እኛ የምንኖርበት ቤት በዚሁ ሰፈር አባታችን በ1953 ዓ.ም. ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ዘንድሮ ልናድሰው ተነሣንና፣ ማደስ የሚጀመረው ከማፍረስ መሆኑን በሚገባ ተማርን።

የጭቃ ቤት ሲባል የሚንቅ ሰው አይታጣም፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ያለ እርሱ አይነገርም። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ቢያልቅ፣ በዚያው በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለ። ቤታችንም ከእግሩ እስከ ራሱ ባሕር ዛፍ ነው። ቀጥ ብሎ የሚተከለው እንጨት ቋሚ ይባላል፤ በአግድም የሚመታው ማገር ነው፤ በመካከሉ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። እነዚህን ቃላት ስንሰማ ያደግን ቢሆንም፣ ቋሚና ማገርን በዓይናችን ለይተን ያየናቸው ምርጊቱ በዶማ ሲረግፍ ነው።

የእድሳቱን ፈቃድ ከወረዳችን ካገኘን በኋላ ሌላ ቤት ተከራይተን ለጥቂት ወራት ለመውጣት አስበን ነበር። እናታችን ግን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነውና፣ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አሉን። ኪራዩም እንዲያው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ አምስት ነፍስ ሆነን፣ ከሚፈርሰው ክፍል ወደማይፈርሰው እየተጓዝን ለመኖር ወሰንን።

በመጀመሪያ የወረደው ኮርኒሱ ነው። አባታችን ያስወጠሩት አቡጀዲ ነበር፤ በየዓመቱ ጀሶ ስለሚቀባ ጠንክሮ እንደ ቆዳ ሆኗል። ሠራተኛው አንዱን ጥግ በቢላዋ ቢቀደው፣ የስድሳ ዓመት ጥላሸት፣ የአይጥ ጎጆ፣ የልጅነታችን አንድ የጨርቅ ኳስ ጭምር በላያችን ወረደብን። ኳሱ እንዴት እዚያ እንደ ወጣ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቧራ የማይገባበት ነገር አልነበረም፤ በሊጡ፣ በስኳሩ፣ በአልጋ ልብሱ፣ በልጆቹ ደብተር መካከል እናገኘው ነበር። ምጣዱ ከማድ ቤት ወጥቶ በጓሮው ኮሽም አጠገብ ተተከለ። እንጀራ ሲጋገር አንዱ ሰው ጃንጥላ ይዞ ከነፋሱ ይከልላል። ጎረቤቶቻችን ግን አልተዉንም፤ ቡናውን በየተራ ጠሩን።

ከፈራረሰው ነገር በከንቱ የተጣለ ጥቂት ነው። አሮጌው ቆርቆሮና የዛገው ሚስማር ለቁራሌው ተሸጠ፤ ከዚያ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ምድጃ ወይም ባልዲ ሆኖ ይመለሳል። የረገፈውም ጭቃ ተከምሮ ውኃ ጠጣ፤ አዲስ ጭድ ከተጨመረበት እንደ ገና ይመረጋልና።

ችግር የመጣው በስተምዕራብ ባለው ግድግዳ ነው። እንደ ስምምነታችን ሁለት ቋሚ ብቻ ሊለወጥ ነበር። አናጢው ከውጭ በኩል ምርጊቱን ሲያራግፍ ግን፣ ከስምንቱ ቋሚዎች አምስቱን ከሥራቸው ምስጥ ጨርሷቸው አገኘ፤ በጣቱ ሲነካቸው እንደ ዱቄት ፈሰሱ። ጣራውን በድጋፍ እንጨት አቁሞ ግድግዳውን በሙሉ ማውረድ የግድ ሆነ።

ይህ ግድግዳ በውስጥ በኩል የእናታችን መኝታ ነው። ቀለም ሳይሆን ጋዜጣ ነው የተለጠፈበት። አባታችን ያነበቡትን እያመጡ፣ በዱቄት ሙጫ አንዱን በሌላው ላይ ለጥፈውታል። እናታችን ፊደል ያልቈጠሩ ሴት ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው ማታ ማታ ይማሩ ጀመር። ከትምህርት ሲመለሱም ኩራዛቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ይጠጉና፣ በዚያ ቀን የተማሩትን ፊደል ከጋዜጣው ውስጥ እየፈለጉ በከሰል ያከቡት ነበር። መጀመሪያ ፊደል፣ ኋላም ቃል አከበቡ። እኛ ልጆቹ ይህን ክብ ሁሉ የእኛ ጥፋት ነው ተብለን እንዳንገረፍ እንፈራ እንደ ነበር ትዝ ይለናል።

አናጢው ነገሩን ሲሰማ ዶማውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ይህ ግድግዳ ካልወረደ ክረምቱን አይሻገርም፤ እርስዎ ካላዘዙኝ ግን አልነካውም» አላቸው። እኛም ዝም አልን፤ በአንድ ወገን የጣራው ክብደት፣ በሌላ ወገን የእርሳቸው ፊት ነበረብን። እናታችን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በኋላ፣ «እንግዲያስ ልጄ፣ ወረቀቱን ሳትቀድ አውርደው» አሉት።

ለብ ያለ ውኃ በጨርቅ እያራስን ሁለት ቀን ሙሉ ላጥን። የዱቄት ሙጫ ውኃ ሲያገኝ ይለቃል፤ ወረቀቱ ግን አርጅቷልና አብዛኛው በእጃችን ላይ ገንፎ ሆነ። በደኅና የወጣው የበር መዝጊያ የማያክል ቁራጭ ነው፤ እርሱም ከጀርባው ጭቃና ጭድ ይዟል። የምናዝነው ከታች በኩል ለነበረው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ክቦች እዚያ ነበሩ፣ ምስጡ ከእኛ ቀድሞ ደርሶባቸዋል።

ግድግዳው በወረደ በሦስተኛው ሌሊት የበልግ ዝናም መጣ። ሸራ ወጥረን ነበር፤ ነፋሱ አነሣው። ሌሊቱን ሁላችንም በቀረችው አንዲት ክፍል ተጨናንቀን፣ ልጆቹ በእናታችን አልጋ፣ እኛ በሣጥኖቹ ላይ አሳለፍነው። እርሳቸው ቁራጩን ወረቀት በነጠላቸው ጠቅልለው ከራስጌያቸው አኑረውታል። ሊነጋ ሲል ዝናሙ አባራ፤ አናጢውም ከሠራተኞቹ በፊት መጥቶ የድጋፍ እንጨቶቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እየመታ ሲፈትሽ አገኘነው። አንዱም አልተነቃነቀም። እናታችን በተከፈተው ምዕራብ በኩል እንጦጦን እያዩ፣ «እዚህ ላይ መስኮት አድርግልኝ» አሉት።