ስንት ሻማ ነው?

እናቴ አምፖል ስትገዛ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሻማ ነው?» ለሳሎን መቶ፣ ለመኝታ ቤት 60፣ ለሽንት ቤት 40። ጥር ላይ አዲሱ ገበያ አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አብረን ገባን። ልጁ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሲያቀብላት አገላብጣ አየችውና «9 ሻማማ ቤቴም አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ የማበራው» አለችው። ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ ከ60ው እኩል ነው።» ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ተስማምተን ልንሸውዳት የመጣን መስሏታል።

አልፈርድባትም። ዕድሜያችንን ሙሉ ሻማ እያልን የጠራነው ዋቱን ነው። ዋት ደግሞ አምፖሉ የሚበላውን ይነግረናል፤ የሚሰጠውን አይነግረንም። የድሮው አምፖል ከሚበላው 100 እጅ 90ውንና ከዚያ በላይ በሙቀት ያባክነዋል። ምስክር ካስፈለገ የእናቴ ሳሎን የአቡጀዲ ኮርኒስ አለ፤ ከአምፖሉ በላይ ምጣድ ላይ የቆየ እንጀራ የመሰለ ቡናማ ክብ ተስሎበታል። ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። የ60ው አምፖል 800 ገደማ ይሰጣል፤ ኤልኢዲው ያንኑ በ9 ዋት። ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ማን ያንብበው!

እኔም አላነበብኩትም። 6500 ኬልቪን የሚለውን ሳላይ ገዝቼ፣ ማታ ሳበራው ቤቱ ነጭ ሆነ፤ ጭው ያለ ነጭ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ፊት ሁሉ ወባ የያዘው መሰለ። «ቤቴን ክሊኒክ አደረግከው» አለች። እውነቷን ነው። የዚህ አምፖል ነጭነት ሥሩ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ቅንጣት ላይ ቢጫ ቅባት ተደርጎባት ነጭ ሆና ትወጣለች። ያቺን ሰማያዊ ለማግኘት ብዙ ዓመት ተደክሟል፤ ጃፓን የተወለዱ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት በእሷ ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት «ታዲያ እነሱ ቤት ይብራ» ነው የምትለኝ። ሄጄ በ2700 ቀየርኩት። ረከቦቱም ሲኒውም ሰውም ወደ መልኩ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ደወለች። «አጥፍቼዋለሁ፣ ዓይኑን አልጨፍን አለኝ።» የመኝታ ቤቱ አምፖል ጠፍቶም ፍዝዝ ብሎ ይበራል። ስታማትብ በስልክ ይሰማኛል። በማግስቱ የመጣው ኤሌክትሪሻን በቴስተር ነካ ነካ አድርጎ ጉዱን አወጣው፤ ቤቱ ሲሠራ ሽቦው ተገልብጦ ተዘርግቶ ኖሮ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው። ስናጠፋውም ኃይሉ አምፖሉ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። በሽቦው ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ኃይል ለድሮው አምፖል ኢምንት ነበር፤ ለኤልኢዲ ግን ትበቃዋለች። ስንት ዓመት «አጥፍቻለሁ» ብዬ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እንደኖርኩ ሳስበው ቀዘቀዘኝ።

ቢሉስ? ቀነሰ፤ እሷ እንደጠበቀችው ግን አይደለም። አራት ባለ 60 አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በባለ 9ኙ ስድስት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ የሚስበው ምጣዷ ሳይጠፋ ለአንድ ሰዓት የሚበላው፣ አራቱን አዳዲስ አምፖሎች 19 ቀን ያበራቸዋል። ይህን ስነግራት «እንጀራ ይቅር በለኛ!» ብላ ዘጋችኝ።

ባለፈው እሁድ ስሄድ ጓዳ ውስጥ ብርሃን አየሁ። መቶ ሻማው ካርቶን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስምንት ጫጩቶች ከሥሩ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ገና እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ፣

«እሱን እንዳትነካብኝ!»