ሦስት ነፍስ በሃምሳ ሳንቲም

ልብ ወለድ መጽሐፍ አንባቢውን «ምን ያህል ላስቸግርህ?» ብሎ አይጠይቅም። ቲያትር ቤት በር ላይ ቆሞ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢሞት ይሻላል ወይስ ቢተርፍ?» የሚል ትኬት ቆራጭም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ገና ሲከፈት ይጠይቃል። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ አንዳንዴም «የማይቻል» የሚል ዝርዝር ደርድሮ ጣታችንን ይጠብቃል። ሰው ገና ያላየውን መከራ መጠኑን አስቀድሞ እንዲመርጥ የሚጠየቅበት ሌላ ቦታ ካለ አንባቢ ያስታውሰኝ።

ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ በቅን ልቦና የሚቀርብ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዎልፈንስታይን 3ዲ» የሚባለው የተኩስ ጨዋታ ቀላሉን ደረጃ ለሚመርጥ ሰው የጀግናውን ፊት የሕፃን ቆብ አድርጎበት፣ አፉ ላይ ጡጦ ሰክቶበት ያሳየዋል። ስድብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎ እንኳ ክርክሩ አልበረደም። በ2019 እ.ኤ.አ. «ሴኪሮ» የተባለው የጃፓን ጨዋታ ወጥቶ የደረጃ ምርጫ የለውም በተባለ ጊዜ፣ አንዱ ወገን «ለሁሉም ሰው የሚሆን ቀላል መንገድ ይጨመርበት» ሲል፣ ሌላው «ያልቻለ ይተወው» ብሎ ተነሣ። እኔ በበኩሌ «ያልቻለ ይተወው» ባዮቹን ስሰማ፣ «እኛ በዘመናችን በኩራዝ አጥንተን ነው» የሚሉ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ኩራዙን ማን እንደ መረጠላቸው ግን አይናገሩም።

ከደረጃ ምርጫ ሁሉ የከበደው የማያዳግም ሞት ነው። ገጸ ባሕርይ ተላብሰው በሚጫወቱት ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ሰው አንዱን ፍጡር ለሳምንታት ያሳድገዋል። ስም ያወጣለታል፣ ጋሻና ሰይፍ ይገዛለታል፣ ጥበብ ያስተምረዋል። በተለመደው ሥርዓት ይኸ ፍጡር ቢሞት ብዙ አያስደነግጥም፤ መጨረሻ «ሴቭ» ወደ ተደረገበት ቦታ ይመለሳል፣ ያንኑ በር ደግሞ ያንኳኳል። የማያዳግመው ሞት በተመረጠ ጊዜ ግን የሞተው ሞተ፣ መዝገቡ ተፋቀ፣ የሳምንታቱ ድካም አብሮት ተቀበረ። ሥርዓቱ ዝናውን ያገኘው በ1980 እ.ኤ.አ. ግድም ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሠሩት «ሮግ» ከተሰኘው ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ጀግናው አንዲት ምልክት፣ ጭራቁ አንድ የላቲን ፊደል ነበር። ጨዋታውን አቁሞ ነገ ለመቀጠል ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ሲቀጥሉ ያ የተቀመጠው መዝገብ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዲያብሎ 2» ደግሞ ይኸንኑ እንደ ማዕረግ አደረገው፤ መጀመሪያ በተራው ሥርዓት ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ብቻ ነው አንድ ነፍስ ብቻ ያለውን ፍጡር የመፍጠር መብት የሚያገኘው።

እንግዲህ የዓለሙ ወሬ ይኸን ይመስላል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ የማያዳግመውን ሞት የተማርነው ግን ሳንመርጠው ነው።

የኛ ሰፈር ጌም ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። የኮምቦልቻን ሙቀት የሚያውቅ፣ ከደሴ ብርድ ተነሥቶ የሃሬጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ሹራቡን እያወለቀ የመጣ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያች ክፍል ውስጥ ዐሥራ አምስት ልጅ ምን ያህል እንደሚያልበው ይገምት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንዱ አዝራሩ የተነቀለ አራት ጆይስቲክ። ዋጋው ለአንድ ጨዋታ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ኋላ አንድ ብር ሆነ። ኳስ ከሆነ ተሸናፊ ከፋይ ነው፤ ድብድብ ከሆነ የተሸነፈ ይነሣል። ብቻውን የሚጫወት ልጅ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ጋሼ ራሱ ብድግ ብሎ ከዝርዝሩ ላይ ከባዱን ይመርጥለታል። ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ልጅ በቀላሉ ደረጃ ከተቀመጠ እስኪመሽ አይነሣማ! ኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት በአሜሪካና በጃፓን የነበሩት ሳንቲም የሚጎርሱ ማሽኖችም ከውስጣቸው የደረጃውንና የነፍሱን ቁጥር የሚወስኑ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሯቸው፤ ቁልፉም በማሽኑ ባለቤት እጅ ነበር። ጋሼ ይኸን ሳይሰማ በራሱ ደርሶበታል።

ከሲዲዎቹ መካከል ማንም የማይጫወተው አንድ ነበረ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7»። ሦስት ሲዲ ነው። ለመጨረስ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ለብዙ ቀን ጨዋታ ደግሞ ሜሞሪ ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ዐሥራ አምስት ክፍል ብቻ ያላት ስትሆን፣ ጌም ቤቱ ውስጥ የነበረችው አንዲቷ በትልልቆቹ ልጆች የኳስ ቡድኖች ጢም ብላ ሞልታ ነበር። ስለዚህ ያንን ጨዋታ የሞከርን ጥቂቶች ሁልጊዜ የምናውቀው መጀመሪያውን ነው። ባቡሩ ይመጣል፣ ጀግናው ይዘላል፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ያልቃል። የታሪኩ መካከል ላይ ከጀግናው ጋር የምትጓዘው ልጅ እንደምትገደልና በምንም ጥበብ እንደማትመለስ ያወቅሁት ሃያ አምስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ሞቶ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ነበረ። ጎል ልታገባ ስትል ይጠፋል። የመጨረሻው ጭራቅ አንዲት ምት ሲቀረው ይጠፋል። ያን ጊዜ ክፍሏ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ ነው፤ ዐሥራ አምስት ልጅ ባንድ ላይ «ውይ!» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ውጭ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ገንዘብ አይመለስም። ጋሼ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» ይላል፤ መልስ የለንም። በኋላ ዘመን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጬ «የማያዳግም ሞት ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ነገር እኛ በነጻ ስንጠግበው ኖረናል።

ቃሉም ቢሆን ከፕሌይስቴሽኑ በፊት ነበረን። «ነፍስ» የምንለው ከጌም ቤት ተምረን አልነበረም። በካልሲ ኳስ «ፔፕሲ» ስንጫወት በኳሱ የተመታ ይሞታል፤ ኳሱን በአየር ላይ የቀለበ ነፍስ ያገኛል፤ የነፍስ ሀብታም የሆነ ደግሞ ለሞተ ጓደኛው አንዷን አውጥቶ ወደ ሜዳ ይመልሰዋል። ብይ ስንጫወት ደግሞ ጠጠሯ ሳትወረወር የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር፤ «በጨዋታ ነው በምር?» በጨዋታ ከሆነ የተበላው ብይ ማታ ይመለሳል። በምር ከሆነ የተበላ ተበላ። ይኸው ነው፤ በካሊፎርኒያ የተፈለሰፈ የመሰለኝ ሁሉ ከቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ጉድጓድ ተምሶ ይጠየቅ ነበር። በምር የሚጫወት ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይኸ መንቀጥቀጥ ነው የተሸጠልን፤ ይኸ መንቀጥቀጥ ከሌለ ሃምሳ ብይ መብላትም ምኑም አይጣፍጥም።

ወደ ኋላ ብንሄድ አባቶቻችንም የደረጃ ምርጫን ያውቁ ነበር። አጼ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። የአገራችንን ሰንጠረዥ ታሪክ አጥንተው በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የጨዋታው አጀማመር ራሱ ጉድ ነው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። እኔን የገረመኝ ግን አጨራረሱ ነው። ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም። በጠንካሮቹ ጠጠሮች ንጉሡን አጥምዶ መግደል እንደ ወግ አልባነት ይታያል፤ በደካሞቹ፣ ይልቁንም በእግረኛ ወታደር መግደል ነው የሚያስሞግስ። ተሸናፊውን ንጉሥ ብቻውን እስኪቀር ማራቆትም አይፈቀድም ነበር፤ አንድ ባለሟል ሊተርፍለት ይገባል። እንግዲህ መኳንንቱ ከባዱን ደረጃ የመረጡት ማንም አስገድዷቸው አይደለም። መኳንንት ናቸው፤ ጊዜ ነበራቸው። እኔ በከባድ ደረጃ ፉከራ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው። ችግርን ለመዝናኛ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ችግሩ የቀለለለት ነው። ከፈረቃ ወጥቶ፣ ጆሮው ውስጥ የፋብሪካው ማሽን ገና እየጮኸ፣ ለአንድ ሰዓት ቀላሉን ደረጃ የሚጫወት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የሕፃን ቆብ አይገባውም።

እንዲህ ብዬ ክርክሩን የዘጋሁ መስሎኝ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ከፈተብኝ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቱ ይዛው ደብረ ብርሃን ደረሰች። ኅዳር 27 ቀን 2014 መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ እነሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሱ። ስለዚያ ወራት እኔ ፊት አውርቶ አያውቅም፤ እኔም አልጠይቀውም። ሲመለሱ ከሰፈራችን የጎደሉ ሰዎች ነበሩ።

ይኸ ልጅ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ የሚጫወተው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኤክስኮም» ነው። ከሰማይ የመጡ ጠላቶችን የሚዋጋ አነስተኛ ጓድ ይመራል። ወታደሮቹ በየዘመቻው ይማራሉ፣ ማዕረግ ያገኛሉ፤ የሞተ ግን ሞተ፣ በሰፈራቸው ውስጥ ስሙ የሚጻፍበት የመታሰቢያ ግድግዳ አለ። «አይረንማን» የሚባል ምርጫም አለው፤ ያንን ከመረጡ ማሽኑ እያንዳንዱን ነገር ራሱ ይመዘግባል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ልጁ የሚጫወተው በዚህ ነው። የወታደሮቹን ስም ደግሞ ለውጦታል። በማሽኑ ፈንታ ራሱ ነው ስም የሚያወጣው። የባለሱቁ ስም አለ። የቁርኣን አስተማሪው አለ። ጀበና ይዘው ቡና የሚጠሩን ጎረቤታችን እትዬ፣ ከባድ መትረየስ ተሸክመው አሉ። ዛሬም በሰፈሩ ያሉትንና የሌሉትን ቀላቅሏቸዋል።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ልጁ እግሩን ከገመዱ አጠገብ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ከጓዱ አንዱ ተመትቶ ሲወድቅ፣ ማሽኑ ሳይመዘግብ በፊት ገመዱን በእግሩ ይነቅለዋል። እኛን ስታስለቅሰን የኖረችውን የመብራት መጥፋት እሱ ለሰው ማትረፊያ አደረጋት። አንዳንዴ ይቀድማል። ማሽኑ የቀደመው ዕለት ደግሞ ሁሉንም ደምስሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ያንኑ ስም አንድ በአንድ እየጻፈ። ወራት ሆነው፤ ግማሹን እንኳ አልደረሰም።

«ለምን ተራውን አትመርጥም?» አልኩት። «ሰው ሲሞትብህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ፣ ገመድ መንቀል የለ፣ ምን የለ።»

«ያማ ጨዋታ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ፋየር ኤምብለም» የተሰኘው የጃፓን ጨዋታም ለሃያ ዓመት የሞተን ሰው በአብዛኛው አይመልስም ነበር። ብዙ ተጫዋቾች ሰው በሞተባቸው ቁጥር አጥፍተው እንደገና ይጀምሩት ነበርና፣ ሠሪዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. የወደቀው ከጦርነቱ በኋላ የሚነሣበትን ምርጫ ጨመሩ። ይኸን ለልጁ ነገርኩት። ግድም አልሰጠው።

እኔም ልጀምረው ብዬ ከሱ ማታ ማታ እየተረከብኩ የራሴን አይረንማን ከፈትኩ፤ መካከለኛ ደረጃ። ገመድ አልነቅልም። ሰዎች ሞቱብኝ፤ ተናደድኩ፣ አዳዲስ ቀጠርኩ፣ ቀጠልኩ። ባለፈው እሑድ ልጁ የኔን መዝገብ ከፍቶ ግድግዳው ፊት አገኘሁት። ዐሥራ አንዱንም ስም በጣቱ እየተከተለ ያነብባል።

«ጋሼ፣ እነዚህን ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም። ማሽኑ ያወጣላቸው ስም ነው።»

«ለዚህ ነዋ» አለና መዝገቤን ዘግቶ የራሱን ከፈተ። እግሩን ወደ ገመዱ አስጠጋ።