ቀለህና ወንጭፍ

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጅ ቤት አያድርም ነበር። ከዞብል ተራራ ጀርባ ጎሕ ሳይቀድ ማማ ላይ ነን። የግሪሳ ወፍ የሚበረታው ጧትና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ያርፋል።

የግሪሳን መንጋ መጀመሪያ ያየሁት ከአያቴ ማማ ላይ ሆኜ ነው። ጭስ መሰለኝ። ጭሱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ከዚያ ጎረቤት ማሳ ላይ ወረደ። አንዷ ወፍ 20 ግራም ብትመዝን ነው፤ በቀን የምትበላውም ወደ 10 ግራም። ሚሊዮን ሆነው ሲመጡ ግን በቀን 100 ኩንታል ሄደ ማለት ነው።

አያቴ ውጅግራ ጠመንጃ ነበራቸው። «አባባ፣ ይተኩሱበት!» ብዬ ለመንኳቸው።

«ጥይት ለወፍ አይወጣም ልጄ። አንዷ ብትወድቅ የቀሩት ተነሥተው እታች ማሳ ያርፋሉ።»

ከኪሳቸው ባዶ ቀለህ አውጥተው ሰጡኝ። አፉን ከታችኛው ከንፈሬ አስጠግቼ ስነፋው ስል ፉጨት ወጣው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ወዲያ መንጋውን ቀድሜ ካየሁ እኔ እነፋለሁ፤ በየማማው ያሉት ልጆችም ይነሣሉ።

ወንጭፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከቃጫ የተገመደ ነው፣ መሐሉ ጠጠር እንዲይዝ ሰፋ ይላል። አንዱን ጫፍ ጣትህ ላይ ታጠልቃለህ፣ ሌላውን ጨብጠህ ታዞራለህ፤ ስትለቀው ይጮሃል። ወፉን የሚያስነሣው ከጠጠሩ ይልቅ ያ ጩኸት ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ሲደጋገም ግን ይለምደዋልና ወንጭፉን፣ ጅራፉን፣ ቆርቆሮውን እናፈራርቃለን። ድካማችንን የምንረሳው ጥንቅሽ ስንመጥ ነበር፤ ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር እስከ ዛሬ አልቀመስሁም።

ዛሬ መንጋው ሲበዛ ማደሪያው ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። ብዙ ማሳ አድኗል። ለዚህ የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባል መርዝ ግን ግሪሳን ለይቶ አይገድልም፤ የሞተውን ወፍ የበላ ጭልፊትም ይሞታል። የማማ ጥበቃ እንዲህ ያለ ጉዳት የለበትም፤ ስለዚህ ባይቀር እወዳለሁ።

ማሽላ የዘራችሁ ወገኖቼ፣ ግሪሳ የሚያድርበትን ግራር ወይም ሸንበቆ ካያችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቶሎ ንገሩ። በመድኃኒት የሞተውን ወፍም ልጆች እንዳያነሡት ጠብቁ።