ረሀቡ ሳይመጣ የተዋጣ ገንዘብ

ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸውን ከጭቃ ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛ ናዳ የወረደባቸው ነበሩ። ዜናውን የሰማን ዕለት በቤት ኅብረታችን አልቅሰን ጸለይን፤ ያለንንም አዋጥተን ላክን።

በዚያው ክረምት የአንዲት እናታችንን ቤት ግድግዳ ጎርፍ ጣለው። እድራቸው ዘንድ ሄዱ። ደንቡ የሚከፍለው ለቀብር ብቻ ነበርና “ሰው አልሞተም” ተባሉ። ወደ እኛ መጡ። እኛም ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጥነው ነገር አልነበረም።

“እማማ፣ እንጸልይልዎታለን” አልናቸው።

“ጸሎታችሁስ አይለየኝ፤ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ግን የት ልደር?” አሉን።

አንገታችንን ደፋን። በእርግጥ ያን ሌሊት አንዳችን ቤት አደሩ። ጥያቄያቸው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለክፉ ቀን መዘጋጀት እምነት ማጣት ይመስለን ነበር። የሐዋርያት ሥራ 11፥27-30ን ስናጠና ግን ሌላ ነገር አየን። አጋቦስ በመንፈስ ረሀብ እንደሚመጣ ሲናገር የአንጾኪያ አማኞች ቃሉን ሰምተው ዝም አላሉም። እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ለማዋጣት ቆረጡ፤ መዋጮውንም በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ዮሴፍም የፈርዖንን ሕልም ከፈታ በኋላ እህል ወደ ማከማቸት ነው የገባው። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር የተናገረውን ስላመኑ ተዘጋጁ።

እኛም በትንሹ ጀመርን። በየወሩ የምናስቀምጣት ገንዘብ አለች። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን መዝግበን፣ ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ማን ማንን እንደሚያወጣ ተከፋፍለናል። ሰኔ ሳይገባ የሰፈሩን ቦይ ከጎረቤቶቻችን ጋር፣ ከኦርቶዶክሱም ከሙስሊሙም ጋር፣ እንጠርጋለን። ከጎፋ ወገኖቻችን ኀዘንም ተምረናል፦ ፍቅራቸውን እያከበርን፣ የተናደ መሬት ደግሞ ሊናድ እንደሚችል ለልጆቻችን እንነግራለን። የእድሩ ሽማግሌዎችም ደንቡን ስለማሻሻል ገና እየተነጋገሩ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በእናንተስ ኅብረት ዛሬ ማታ አንዲት እናት በሩን ብታንኳኳ ምን ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል?

ጌታ ሆይ፣ ከለቅሶው በፊት የሚደርስ ፍቅር ስጠን። አሜን።