ቬሪ ፍሪዚንግ

ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝ። የሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። ይቺን "በዲፕሎማ" የምትለዋን ያለ ምክንያት አልጠቀስኳትም፣ ታሪኩ ውስጥ አለችበት።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ለማታውቋት፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚገኝባት ከተማ ናት። ለ9ኛ ክፍል ባወጣሁት ፈተና ላይ ታዲያ ይህን የኛን ብርድ ጥያቄ አደረግሁት። "ደብረ ብርሃን ኢዝ ቬሪ ዳሽ ኢን ዲሴምበር" ይላል። ምርጫው ውስጥ "ኮልድ"ም አለ፣ "ፍሪዚንግ"ም አለ። እኔ መልሱን "ፍሪዚንግ" አልኩ። ለምን? ኮልድማ አዲስ አበባም አለ! የኛ ብርድ ሌላ ነው።

ወረቀት በመለስኩ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት። "ቲቸር፣ ቬሪ ፍሪዚንግ አይባልም። ቬሪ ኮልድ ነው የሚባለው" አለች። ከየት አመጣሽው ስላት የወንድሟ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ላይ እንዳየችው ነገረችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እሺ፣ ነይ ጠመኔውን ውሰጂና አንቺ አስተምሪን።" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ስልሳ ልጅ ሲስቅ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር፣ ስታፍ ውስጥ ዲግሪና ማስተርስ ካላቸው ባልደረቦቼ ጋር ስቀመጥ አንድ ቀን "ይሄ ሰውዬ እኮ አያውቅም" የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰውዬው የ15 ዓመት ልጅ ትሆናለች ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ማታ ቤት ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ። ልጅቷ ልክ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልድ፣ ሆት፣ ታየርድ፣ ሀንግሪ፣ ቢግ የሚባሉት ቅጽሎች ደረጃ አላቸው። ትንሽ ሊበርድ፣ መካከለኛ ሊበርድ፣ በጣም ሊበርድ ይችላል። ስለዚህ "ቬሪ"ን ይቀበላሉ። ፍሪዚንግ፣ ቦይሊንግ፣ ኤግዞስትድ፣ ስታርቪንግ፣ ኢኖርመስ ግን ጫፍ የደረሱ ናቸው፤ "በጣም"ን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውታል። ፍሪዚንግ ማለት ራሱ "ቬሪ ኮልድ" ስለሆነ ሌላ "ቬሪ" አይደረብበትም። ማጠንከር ካስፈለገ "አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ" ነው። "ሪሊ" ከሁለቱም ጋር ትስማማለች፣ ግራ ለገባው ተማሪ መሸሸጊያ ናት። (ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲያወሩ "ሶ ኤግዞስትድ" ማለታቸው አይቀርም። ፈተና ላይ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አያዋጣም።)

የኔ ስህተት ደግሞ ከአማርኛ የመጣ ነው። "በጣም ግዙፍ"፣ "በጣም ድንቅ" እንላለን፣ ማንም አይቆጣንም። ያንኑ ይዤ ለስንት ዓመት ለስንት ልጅ እንዳስተማርኩ ሳስበው...

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይቺን መጻፍ ነው የከበደኝ። አንድ ማርክ ናት፣ ማን ያስታውሳታል አልኩ። ልጅቷ ግን እጇን ማውጣት ተወች። የማውቀው ጥያቄ እንኳን ስጠይቅ፣ ከንፈሯ መልሱን ሲል እያየሁ፣ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ገብቼ ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ጻፍኩና "መልሱ ኮልድ ነው። እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቼ ነበር፣ በሳቃችሁትም ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው። ኮልድ ላሉት ማርኩን ጨመርኩ። ፍሪዚንግ ያሉትንም አልቀነስኩባቸውም፣ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኛ!

ከዚያ እንደገና አስተማርኩት፣ በአማርኛ ጀምሬ። "ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሙቅ ውሃ፣ የፈላ ውሃ። በጣም ሙቅ ውሃ ትላላችሁ?" "አዎ!" "በጣም የፈላ ውሃስ?" ተንጫጩ። አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ ከፈላ ፈላ ነው፣ በደንብ የፈላ ነው የሚባለው" አለ። በቃ! ለካ መልሱ እናቶቻችን ማጀት ውስጥ ነበር። "በጣም የፈላ" ጆሮ ይቆረቁራል፣ "በደንብ የፈላ" ግን ይሄዳል። ቬሪ እና አብሶሉትሊ ማለት ይሄው ነው። ድቅድቅ ጨለማንም አመጡልኝ፣ ጠራራ ፀሐይንም። "በጣም ጠራራ ፀሐይ" የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አለማመድኳቸው። አንዱ "ኢዝ ኢት ኮልድ?" ይላል፣ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ኮልድ? ኢትስ ፍሪዚንግ!" እኛም እኮ "በረደህ?" ስንባል "በረደህ ብሎ ነገር! ደርቄያለሁ እንጂ!" እንላለን። ክፍሉ ገበያ ሆነ። "ሀንግሪ? አይ አም ስታርቪንግ!" ላይ ስንደርስ ግን አንድ ልጅ ሲል ሁሉም ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ፈረንጅ ምሳው ግማሽ ሰዓት ሲዘገይበት በቀልድ የሚለው ቃል መሆኑን ላስረዳ ብዬ ተውኩት። ወደ ኤግዞስትድ አለፍኩ።

ልጅቷን ከክፍል ስትወጣ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምንም አይደል ቲቸር" ብላ መሬት መሬት እያየች ሄደች። ሁለት ሳምንት ያህል ዝም እንዳለች ቆየች።

ትናንት መጽሐፉን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ 'ኳይት ጉድ' ደህና ነው፣ በመጠኑ ጥሩ ነው ማለት ነው ይላል። 'ኳይት ኢምፖሲብል' ደግሞ ጭራሽ የማይቻል ይላል። አንድ ቃል እንዴት አንዴ ትንሽ አንዴ ሙሉ ይሆናል?"

"ነገ አይቼ እነግርሻለሁ" አልኳት። ማታ አየሁት፣ እንግሊዞቹ ጋ የሚወሰነው በሚከተለው ቅጽል ነው፤ ደረጃ ካለው ቅጽል ፊት ያለዝበዋል፣ ጫፍ ከደረሰው ፊት ግን "ፍጹም" ማለት ይሆናል። ለእሷ ይገባታል። ለስልሳው ግን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች፣ እስቲ እንዴት እንደምታስተምሩት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰኞ ሁለተኛ ፔሬድ እገባለሁ።